የአዝቴክ ቤተ መቅደስ ማፕ ታይል ልትገዙ ወይ ልትሰሩ ነው? መጀመሪያ ደረጃው የት እንዳለ እዩ

እኔ ቅዳሜ ማታ አራት ጓደኞቼን ሰብስቤ የጠረጴዛ ሚና ጨዋታ ማጫውት፣ ታሪኩን ምመራ፣ ዲኤም ሚባለው ሰው ነኝ፣ ሶስት ዓመት አለፈን፣ እና አምና ታሪካችን ወደ ጫካና ፒራሚድ ሲዞር በቃ የአዝቴክ ታይል ያስፈልገኛል ብዬ ተነሳሁ፣ ከዛ በኋላ የወጣው ብርና የተበላሸው ካርቶን ነው ይሄን ያስጻፈኝ። ታይል ሲባል ለማያውቅ፣ ካሬ ካሬ የተሰመረባቸው የወለል ቁራጮች ናቸው፣ እየቀጣጠላችሁ ክፍል፣ ኮሪደር፣ አደባባይ ምናምን ትሰራላችሁ፣ ተጫዋቹ በር ሲከፍት ቀጣዩን ቁራጭ ታስቀምጣላችሁ። አንዷ ካሬ 1 ኢንች ናት፣ በጨዋታው ውስጥ 5 ጫማ ማለት ነው፣ ሜትር ተኩል ገደማ በሉት።

አዝቴክ ተብለው ሚሸጡትን ስብስቦች ስታዩ አብዛኞቹ ያው የለመድነው ደንጀን ናቸው፣ ጭራቅ ሚታደንበት ምድር ቤት። ግራጫ ድንጋይ፣ ጠባብ ኮሪደር፣ በር፣ ክፍል፣ ከዛ ጥግ ጥጉ ላይ እባብና የራስ ቅል ጣል ይደረግበታል። ችግሩ የሜሺካዎቹ (አዝቴክ ምንላቸው ሰዎች ራሳቸውን እንደዛ ነበር ሚጠሩት) ቤተ መቅደስ ውስጡ ክፍት አደለም፣ ድፍን ነው። በዋና ከተማቸው በቴኖችቲትላን መሃል የነበረው ትልቁ፣ ዛሬ ቴምፕሎ ማዮር ሚባለው፣ በሰባት ዙር ነው የተሰራው፣ የድሮውን ሳያፈርሱ አዲሱን በላዩ ላይ እየደረቡ፣ ልክ እንደ ሽንኩርት። ስለዚ ጎኑን ሰብራችሁ ብትገቡ ሚጠብቃችሁ ኮሪደር ሳይሆን አፈርና ድንጋይ፣ ከሱ ስር ደሞ ሌላ ፒራሚድ ነው። ሰው ሚገባበት ቤት ያለው አናቱ ላይ ነው፣ ሁለት ቤት ጎን ለጎን፣ ሰሜን በኩል የዝናቡ ትላሎክ፣ ደቡብ በኩል የጦርነቱ ዊትዚሎፖችትሊ፣ እና ወደ ሁለቱም ሚያስወጣ ጥንድ ደረጃ በምዕራብ በኩል ብቻ።

ስለዚ እኔ አሁን ማንኛውንም ስብስብ ሳይ መጀመሪያ ምጠይቀው "ደረጃው የታለ?" ብዬ ነው። ከፍታ የሌለው የአዝቴክ ታይል ለኔ ሽሮ ያለ በርበሬ ነው። ከዛ በኋላ ነው ወረቀት ይሁን ፎም ይሁን ሚለው ሚመጣው። በነገራችን ላይ ደረጃው በአራቱም ጎን ከሆነ ምናልባት የተሳለው ቺቼን ኢትዛ ነው፣ እሱ ደሞ ማያ ነው፣ ሌላ ህዝብ ሌላ አገር ማለት ይቻላል፣ ሻጮቹ ሁሉንም ባንድ ማሰሮ ነው ሚቀቅሉት። ለጨዋታ ምን ችግር አለው ካላችሁ ምንም፣ ግን "አዝቴክ" ብላችሁ ከከፈላችሁ አዝቴክ ይሁን።

መጠኑንም አስቡት። የቴምፕሎ ማዮር መሰረት በመጨረሻው ዙር 80 በ100 ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ ደሞ ወደ 45 ሜትር ይገመታል። በኛ ካሬ ስታሰሉት 52 በ65 ካሬ፣ ማለትም 1 ሜትር ከ30 በ1 ሜትር ከ65፣ ቁመቱ 75 ሴንቲ። ሶፋውን ካላወጣችሁ ሳሎን ውስጥ ሚሆን ነገር አደለም። ስለዚ ሙሉውን ሚሸጥላችሁ የለም፣ ምትገዙት ቁራጭ ነው፣ ቁራጭ ከሆነ ደሞ የደረጃው እግር፣ ደረጃው ራሱና አናቱ ይበቃል፣ ጨዋታው እዛው ነው ሚያልቀው።

አሁን ወደ ማነጻጸሩ።

ወረቀት

ፒዲኤፍ ትገዛላችሁ ወይ ነጻ ታገኛላችሁ፣ ታሳትማላችሁ፣ ካርቶን ላይ በኮላ ትለጥፋላችሁ፣ በከተር ትቆርጣላችሁ። ርካሽ ነው፣ ቢቀደድ ድጋሚ ይታተማል፣ ቡና ቢደፋበት አታለቅሱም። እስቲ ልሞክረው ለሚል ሰው ከዚ ውጪ መጀመር ልክ አይመስለኝም። ግን አንድ ወጥመድ አለው እኔ ሁለት ጊዜ የገባሁበት።

ፋይሎቹ አብዛኞቹ የተሰሩት ለአሜሪካኖቹ ሌተር ወረቀት ነው፣ ስፋቱ 215.9 ሚሊሜትር፣ እኛ ጋ ያለው ኤፎር 210 ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ሰጥታችሁ "ይሄን በካለር አትምልኝ" ስትሉ ማሽኑ ገጹን ወደ ወረቀቱ ያጠበዋል። ለዓይን ምንም አይታወቅም። እኔ ሃያ ገጽ አሳትሜ፣ ለጥፌ፣ ቆርጬ፣ እጄ ላይ የከተር ቁስል አትርፌ ሳበቃ ነው ከድሮዎቹ ጋር ሳስቀምጠው መስመሩ አልገጥም ያለኝ። ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁት፣ አንዷ ካሬ 25.4 ሚሊሜትር መሆን ሲገባት 24.7 ናት። 0.7 ምንድነው ትሉ ይሆናል፣ ስድስት ካሬ ላይ 4 ሚሊሜትር ነው፣ ሶስት ታይል ስትቀጥሉ ከሴንቲሜትር በላይ ይሄዳል፣ ኮሪደሩ ከበሩ አይገጥምም። ሄጄ ልጁን ብጠይቀው "ጫፉ እንዳይቆረጥብህ ብዬ እኮ ነው ያስተካከልኩልህ ወንድሜ" አለኝ፣ ምን ትለዋለህ፣ አስቦልኝ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ መቶ ፐርሰንት ብለህ አትም አላልኩትም። ሁለተኛውን ጊዜ አልነግራችሁም፣ ያው ነው።

ስለዚ መጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ አሳትሙ፣ አስር ካሬ ለኩ፣ 25 ሴንቲ ከ4 ሚሊሜትር ከሆነ ቀጥሉ። ኤፎር ላይ ጠርዙን ትታችሁ 7 በ10 ካሬ ይገባል፣ ስለዚ ባለ 6 በ6 ታይል ከሆነ በገጽ አንድ እሱና አንድ 6 በ4 ይወጣል፣ ትርፉን አትጣሉት ለደረጃ ይሆናል። ፋይል ስትመርጡ ደሞ ጥቁር በጥቁር የሆነውን ተዉት፣ ቀለም ይጨርሳል፣ ደሞ ልክም አደለም፣ ቤተ መቅደሶቹ በኖራ ተለስነው በቀለም ያበዱ ነበሩ፣ የትላሎክ በኩል ሰማያዊ፣ የዊትዚሎፖችትሊ በኩል ቀይ። ይሄ ለውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ተጫዋቹ "በሰማያዊው ደረጃ ነው ምወጣው" ሲል ሁሉም ሰው የት እንዳለ ያውቃል፣ እኔ ግራ ቀኝ እያልኩ አልጨቃጨቅም።

ላሚኔት ሚያስደርጉ አሉ፣ ማርከር ይጻፍበታል ይጠፋል ጥሩ ነው፣ ግን ሚያብረቀርቀው ዓይነት አምፖሉን ፊታችሁ ላይ ይመልሳል።

የወረቀቱ ዋና ጉድለት ግን ጠፍጣፋነቱ ነው። የመጀመሪያውን ፒራሚድ ያጫወትኩት በወረቀት ነበር፣ ልጆቹ እየተዋጉ አርባ ካሬ "ወጡ"፣ አናቱ ላይ ደርሰው አንዱ ከኋላ "ቆይ እኛ አሁን ላይ ነን ታች ነን?" አለ። በቃ እዛ ጋ ሞተ።

ፋብሪካ የሰራው ካርቶን

ይሄ ወፍራም፣ ሁለት ገጽ ያለው፣ በማሽን የተቆረጠ ነው። ልኩ አይዛነፍም፣ ጠረጴዛ ላይ ለማንጠፍ ከሁሉም ይፈጥናል፣ ቆንጆ ነው። ሁለት ነገር ያናድዳል። አንደኛ እዚህ አይገኝም፣ ከውጭ ሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ቦታ መለመን ነው፣ ካርቶን ደሞ ይከብዳል፣ አክስቴ "ለዚህ ነው እንዴ ሁለት ኪሎ የያዝኩልህ?" ብላኛለች። ሁለተኛ ሁለት ገጽ መሆኑ ጥቅም ይመስላል እንጂ ስታጫውቱ ታዩታላችሁ፣ ምትፈልጉት ደረጃ ሁሌም አሁን ጠረጴዛ ላይ ካለው አደባባይ ጀርባ ነው ሚገኘው። ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱንም ገጽ ፎቶ አይታችሁ ደረጃና አናት በተለያዩ ቁራጮች ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ።

ስሪዲ ፕሪንት

ማሽኑ ፕላስቲክ እያቀለጠ በስሱ ደራርቦ ቅርጹን ያወጣል፣ እዚህ ጋ ሰው ሁሉ ዓይኑ ይበራል። እውነቱን ለመናገር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚመስለው የለም፣ የእባቡ ጥርስ ሳይቀር ይታያል፣ እርከኑ እርከን ነው። ግን ማሽን ያለው ጓደኛ ከሌላችሁ ለታይል ብላችሁ ማሽን አትግዙ።

አንድ 2 በ2 ታይል እንደ ሴቲንጉ ከአንድ እስከ ሶስት ሰዓት ይፈጃል። ትንሽ አደባባይ 12 በ12 ብትሉ 36 እንደዚህ ያለ ቁራጭ ነው፣ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። መሃል ላይ መብራት ሲሄድ ደሞ ካቆመበት ሚቀጥል ማሽን ካልሆነ ከዜሮ ነው፣ ካቆመበት ሚቀጥለውም ጎኑ ላይ ጠባሳ ይተዋል (በዚህ ስራ ግን ጠባሳው የፈረሰ ድንጋይ ስለሚመስል እኔ ወድጄዋለሁ)። የተለመደው ማሽን ሚያትምበት ሰሌዳ 220 በ220 ሚሊሜትር ነው፣ ስለዚ 6 በ6 ካሬ፣ 152.4 ሚሊሜትር ማለት ነው፣ ባንዴ ይወጣል፣ ከብዙ ትንንሽ ጥቂት ትልልቅ ይሻላል፣ መጋጠሚያ ይቀንሳል። ፒኤልኤ ሚባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተዉት ልጅ አውቃለሁ፣ ፒራሚዱ ድፎ ዳቦ ሆኖ ነው ያገኘው።

መጋጠሚያው ላይ ምርጫ አለ። ኦፕንሎክ ሚባለው በክሊፕ ነው፣ ጥርቅም ይላል፣ ፒራሚዱን ቀድማችሁ ገጥማችሁ ምታስቀምጡ ከሆነ እሱ ነው። ግን ተጫዋች በር በከፈተ ቁጥር ምትቀጥሉ ከሆነ ክሊፕ ስትገፉ ሚኒያቸሩ (ታይሉ ላይ ሚቆመው ትንሽ የሰውና የጭራቅ ምስል) ሁሉ ይወድቃል፣ እዛ ላይ ማግኔት ነው ጥሩ። ማግኔት ስትመርጡ ጠፍጣፋውን ሳይሆን 5 ሚሊሜትር የሆነችውን ድቡልቡል ኳሷን ያዙ፣ ጎድጓዳዋ ውስጥ ልቅ ሆና ስለምትቀመጥ ራሷ ትዞርና ትክክለኛውን ጎን ታመጣለች፣ ጠፍጣፋው ግን አንዴ ገልብጣችሁ ከለጠፋችሁት ሁለቱ ታይሎች እስከ እድሜ ልካቸው ይገፋፋሉ።

ሬዚን ፕሪንተር (በፈሳሽ ሚሰራው) ያላችሁ ደሞ ወለል አትስሩበት፣ ጠፍጣፋ ነገር ይጣመማል፣ ፈሳሹም ያለ ጓንት አይነካም። ለጌጡ ግን፣ ለጣዖቱ፣ ለራስ ቅሉ፣ ለደረጃው እግር የእባብ ራስ፣ ከሱ ሚስተካከል የለም።

ፎም በእጅ

የኔ ልብ እዚህ ነው ስለዚ አድሎ ካያችሁ ይቅርታ።

የአዝቴክ ፒራሚድ ማለት እርከን ላይ እርከን ነው፣ ፎም ደሞ ተቆርጦ ሚደረደር ነገር ነው፣ አንዱ ለአንዱ የተፈጠሩ ናቸው። ጠጣር፣ ጥቅጥቅ ያለው የኢንሱሌሽን ፎም ከተገኘ እሱ፣ ካልተገኘ የቲቪና የፍሪጅ ካርቶን ውስጥ ሚመጣው ነጩም ይሆናል፣ ነጩ ግን ሲቆረጥ እንደ ፋንዲሻ ይበታተናል፣ ስለቱ አዲስ መሆን አለበት። ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ከሆነ አንድ እርከን አንድ ካሬ ከፍታ ሆነላችሁ፣ ሂሳብ የለም። የኔ ሶስት እርከን ነው፣ ታች 14 በ14 ካሬ፣ መሃል 10 በ10፣ አናት 6 በ6፣ እያንዳንዱ ዙሪያውን ሁለት ሁለት ካሬ መራመጃ ይተርፈዋል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይዋጋበታል። 14 በ14ቱን አራት ቦታ ቁረጡት፣ አለዚያ ከቤት አይወጣም።

ለድንጋይ መልክ የአልሙኒየም ፎይል ጨምድዳችሁ ኳስ አድርጉና ፎሙ ላይ እየተጫናችሁ አንከባሉት። የሜክሲኮዎቹ ግንበኞች በብዛት የተጠቀሙት ቴዞንትሌ ሚባል ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይና ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ፎይሉ ቁርጥ እሱን ያወጣዋል። ከዛ ከላይ በስሱ የግድግዳ ስቱኮ እዚህም እዚያም ቀቡበት፣ የተፈረፈረ ልስን ይመስላል፣ መምሰል ብቻም አደለም እነሱም የሰሩት እንደዛው ነው፣ ድንጋይ በኖራ ልስን። ቀለሙን የቤት ፕላስቲክ ቀለም ከኮላ ጋር ደባልቃችሁ በብሩሽ። ስፕሬይ እንዳትነኩ። እኔ ሁለት ቅዳሜ የፈጀሁበትን አናት ይዤ በረንዳ ወጣሁ፣ ጥቁር ስፕሬይ ጠ... አልኩበት፣ ዞሬ ስመጣ መሃሉ ሰምጦ አይብ ሆኗል፣ ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ፎሙን ይበላዋል። አልጣልኩትም፣ "የተደረመሰው መሠዊያ" ብዬ አጫወትኩበት፣ ልጆቹ እስካሁን ምርጡ ክፍል እሱ ነው ይላሉ፣ ስቆ ማለፍ ነው።

ደረጃው ላይ ግን ቆም በሉ። እውነተኛው ደረጃ ቀጥ ያለ ነው፣ እርምጃው ጠባብ። ሚኒያቸር ደሞ እግሩ 25 ሚሊሜትር ክብ ነው፣ ለሱ ሚበቃ እርምጃ ከሰራችሁ ደረጃው የትምህርት ቤት ደረጃ ሆኖ ይረዝማል፣ እንደ እውነቱ ጠባብ ከሰራችሁ ሚኒያቸሩ ይንከባለላል። እኔ ብዙ ሞክሬ የደረስኩበት፣ ደረጃውን ጠባብና ቀጥ ያለ አድርጎ ሰርቶ በየእርከኑ ግን 2 በ4 ካሬ ማረፊያ መተው ነው፣ ህጉም እንዲህ ሆነ፣ ተራህን ማረፊያ ላይ ካልጨረስክ ዳይስ ትጥላለህ፣ ካልሰጠህ ወደታች። ከዛ ወዲህ ያንን ደረጃ በፍርሃት ነው ሚወጡት። ሌላ ትንሽ ነገር፣ የደረጃው ግራና ቀኝ ያለው ግንብ በአዝቴክ ስራ እስከ ላይ አንድ ወጥ ዘቅዘቅ ብሎ አይሄድም፣ አናቱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያቺን ከሰራችሁ የሚያውቅ ሰው ገና ከሩቅ አዝቴክ መሆኑን ይለያል።

ከደረጃው ስር ምን እንደሚቀመጥ ልንገራችሁ፣ ይሄ ከሁሉም የወደድኩት ነው። በ1978 በፈረንጆቹ የካቲት ወር ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የመብራት ሰራተኞች መንገድ ሲቆፍሩ አንድ ትልቅ ክብ ድንጋይ መቱ፣ ላዩ ላይ እጅ እግሯ የተቆራረጠ ሴት ተቀርጻለች። ኮዮልሻውኪ ናት። ታሪኩ፣ እናቷ ኮአትሊኩዌ በተአምር ስትጸንስ ኮዮልሻውኪ አራት መቶ ወንድሞቿን አስከትላ እናቷን ልትገድል ኮአቴፔክ፣ የእባብ ተራራ ማለት ነው፣ ላይ ወጣች፣ እዛው ዊትዚሎፖችትሊ ጋሻ ጦሩን ይዞ ተወለደና ቆራርጦ ከተራራው ወረወራት። ቤተ መቅደሱ ራሱ ያ ተራራ ነው፣ ድንጋዩም የተቀመጠው በእሱ ደረጃ እግር ስር ነው፣ መሠዊያው ላይ የተሠዋው ሰው ተንከባሎ ሚያርፈው እዛ ነው። የድንጋዩ ስፋት 3.25 ሜትር ገደማ ነው፣ በኛ ካሬ 2 በ2 ቁጭ። አንድ ክብ ታይል 2 በ2 ብትሰሩ ከእውነተኛው ጋር ያው መጠን ነው። ከደረጃው የወደቀ ተጫዋች እሷ ላይ ነው ሚያርፈው፣ ከዛ በኋላ ምን እንደሚሆን የናንተ ጉዳይ ነው።

ፎም ጉድለት የለውም አላልኩም። ቦታ ይበላል፣ ጠርዙ ይላጣል፣ ታክሲ ውስጥ ይዞ መሄድ መከራ ነው።

ስክሪን

ቲቪውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ማፑን እሱ ላይ ማሳየት፣ ወይ ሁሉም በየቤቱ ሆኖ ኦንላይን። 43 ኢንች ቲቪ ሲተኛ 37 በ21 ካሬ አካባቢ ይይዛል፣ ተራ ፉል ኤችዲ ከሆነ በካሬ ወደ 51 ፒክስል ነው፣ ስለዚ ፋይል ስትገዙ ግዙፉን አትመኙ። ጓደኛ ተበትኖ አንዱ ዲሲ አንዱ ዱባይ ከሆነ ሌላ ምርጫም የለም፣ ሮል20 ሚባለው የኦንላይን መጫወቻ ድረ ገጽ በካሬ 70 ፒክስል ይጠብቃል፣ በዛ ልክ የተዘጋጀ ታይል ያዙ። ትልቁ ጥቅም ጭጋጉ ነው፣ ያልደረሱበት አይታያቸውም። ከፍታ ግን እንደ ወረቀቱ የለም፣ በየእርከኑ ብርሃኑን እየለያችሁ ማስመሰል ነው።

ስለዚ የቱ?

አዲስ ከሆናችሁ ወረቀት፣ አታስቡ። በየሳምንቱ ቤት ምትቀያየሩ ከሆነ ፋብሪካ ካርቶን። ማሽን ያለው ሰው በቡድኑ ካለ ጌጡን ብቻ አሰሩት፣ ወለሉን አታድክሙት። እኔ አሁን ምጠቀመው ቅይጥ ነው፣ ፎሙ እርከን፣ ላዩ ላይ በመቶ ፐርሰንት የታተመ ወረቀት፣ ጣዖቱና እባቡ ፕሪንት፣ ማታ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ጀምሬ በሃያ ደቂቃ አነጥፋለሁ። በአንድ ዓይነት ብቻ ልስራ ያለ ሰው ወይ ይሰላቻል ወይ ይደኸያል።

ሌላው ምርጫ፣ የትኛውን ቦታ ነው ምትሰሩት ሚለው፣ ሰው ሳያስብበት ነው ሚያልፈው። ከላይ ያልኩት ጥንድ ደረጃ ለጦርነት ጥሩ ነው። ግን "አይ እኔ ውስጥ ውስጡን ምሄድበት ደንጀን ነው ምፈልገው" ካላችሁ ሶስት ጥሩ መውጫ አለ። አንዱ ማሊናልኮ ነው፣ አዝቴኮቹ ተራራ ላይ ከአንድ አለት ፈልፍለው የሰሩት፣ አዎ ልክ እንደኛ ላሊበላ ከአለት፣ በሩ የእባብ አፍ ነው፣ ውስጡ ክብ ክፍል፣ ዙሪያውን ንስርና ጃጓር ተቀርጾ። ትንሽ ስለሆነች አንድ ክብ ታይል ይበቃታል፣ አለቃውን፣ የመጨረሻውን ጠላት፣ እዛ አስቀምጡት። ሁለተኛው ቴኦቲዋካን ነው፣ አዝቴኮቹ ያልሰሩት፣ እነሱ ከመድረሳቸው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የወደቀ ከተማ፣ አማልክት የተፈጠሩበት ነው ብለው ሚያከብሩት። እዛ በ2003 ዝናብ መሬቱን ሰረጎደውና ከላባማው እባብ ፒራሚድ ስር ከመቶ ሜትር በላይ ሚሄድ ዋሻ ተገኘ፣ ግድግዳው በሚያብረቀርቅ ማዕድን ዱቄት የተቀባ፣ ችቦ ስታበሩ ኮከብ ሚመስል፣ በ2015 ደሞ ጫፉ አካባቢ ፈሳሽ ሜርኩሪ እንዳገኙ ተናገሩ። ከዚህ በላይ ደንጀን ከየት ይመጣል? ተራ ኮሪደር ታይላችሁን አውጡ፣ ግድግዳው ላይ የልጆች ግሊተር ርጩበት።

ሶስተኛው ሚክትላን ነው፣ የሙታን አገር፣ ዘጠኝ ደረጃ ወደታች፣ አራት ዓመት ሚፈጅ መንገድ። በጦርነት የሞተ ወደ ፀሐይ ይሄዳል፣ ውሃ የበላው ወደ ትላሎክ፣ አልጋው ላይ የሞተ ተራ ሰው ነው በዚህ ሚያልፈው። ወንዙን ውሻ ነው ሚያሻግረው፣ ሚጋጩ ተራሮች አሉ፣ የባልጩት ተራራ አለ፣ እንደ ባልጩት ሚቆርጥ ነፋስ አለ፣ ቀስት ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሚወጋበት አለ። ለታይል ይሄ ድንቅ ነው ምክንያቱም እያንዳንዱ ደረጃ አንድ 6 በ6 ታይል ብቻ ብትሉት ዘጠኝ ታይል ነው፣ ጠፍጣፋ ወረቀት ይበቃል፣ ከፍታ ምናምን አያስጨንቃችሁም፣ አንዱ ሲያልቅ አንስታችሁ ቀጣዩን ማስቀመጥ። ብር ለሌለው ሰው እኔ ምመክረው ይሄን ነው። ሚጋጩት ተራሮች ሁለት ግማሽ ታይል ይሁኑ፣ በየተራው አንድ ካሬ አቀራርቧቸው፣ ልጆቹ ሲጮሁ ትሰማላችሁ።

ጊዜ ላይ መጫወት ምትወዱ ደሞ ካላንደራቸውን ተጠቀሙበት፣ 18 ወር በ20 ቀን፣ 360፣ ከዛ አምስት ትርፍ ቀን፣ ኔሞንቴሚ። ጳጉሜን አላላችሁም? እኛ በሩፋኤል ዝናብ እንጠመቃለን፣ እነሱ ግን ክፉ ቀን ነው ብለው ቤት ይቀመጡ ነበር። የኔ ተጫዋቾች ፒራሚዱ ላይ የወጡት በሶስተኛው የኔሞንቴሚ ቀን ነው፣ ለዛ ነው ከተማው ጭር ያለው፣ እስኪገባቸው ሁለት ቅዳሜ ፈጀ።

የራስ ቅል ላይ ግን አታብዙ። መደርደሪያው፣ ጾምፓንትሊ፣ እውነት ነው፣ በ2015 ከቴምፕሎ ማዮር ጎን ትልቁን አግኝተውታል፣ ግን ህዝቡ የውሃ ላይ እርሻ የሰራ፣ ሚነሳ ድልድይ ያለው ጎዳና በሐይቅ ላይ የዘረጋ ህዝብ ነው፣ ቋንቋቸውን ናዋትልን ዛሬም ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ይናገረዋል። እኛን በ77 ድርቅ ብቻ ሲስሉን እንደሚያመን ነው። አንድ ሁለት የድልድይ ታይል ጨምሩ፣ ለጨዋታም ያሪፋል፣ መሃል ላይ ድልድዩ ሲነሳ።

ማስቀመጫ፦ ወረቀቱ በጫማ ካርቶን፣ በየመጠኑ በላስቲክ ታስሮ። ፎሙ የኔ ቁምሳጥን አናት ላይ ነው ያለው፣ እና እናቴ ለፋሲካ ቤት ስታጸዳ አገኘችው፣ ያን ጊዜ ኮአትሊኩዌ በእባብ ቀሚሷ አናቱ ላይ ቆማለች። "ይሄ ደግሞ የማን ጣዖት ነው? ከቤቴ አውጣልኝ!" አለች፣ መጫወቻ ነው ብላት ምን ሰምታኝ፣ ፀበል ልትረጭበት ተነሳች፣ ስቱኮ ደሞ ውሃ አይወድም። ስለዚ ጣዖቱን ነቃይ አድርጉት፣ ከስሩ አንድ ማግኔት ትበቃዋለች፣ ጨዋታው ሲያልቅ ነቅላችሁ ኪስ ውስጥ።